የጫካ ማርና መርዛማ አበባ
በአሶሳና በአካባቢው ለተሰማሩ ሠራተኞች የቀረበ ማብራሪያ

ድርቅ በደረሰ ጊዜ ሕዝብ ፊቱን ወደ ጫካ ማዞሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ጎተራው ሲራቆት ቅጠሉ፣ ሥራሥሩ፣ የዱር ፍሬውና የዱር ማሩ የዕለት ጉርስ ይሆናሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሰው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ወደ አፉ የሚያደርሰው ማርን ነው። ሥራሥር የሚቆፍር ሰው «ይህ ይበላል ወይስ አይበላም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማር ያገኘ ግን አይጠይቅም። ማር በአገራችን ለሕመምተኛ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ክብር ነው። ይሁንና ንብ ከመርዛማ አበባ የሰበሰበችው ማር ሰውን ሊያሳምም፣ አልፎ አልፎም ሊገድል እንደሚችል በልዩ ልዩ አገሮች በተደረገ ምርመራ ተረጋግጧል። በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለተሰማሩ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ጉዳዩን ማወቅ ተጨማሪ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ሕመሙ በወቅቱ ከታወቀ በአብዛኛው በቀላል ሕክምና የሚድን ሲሆን፣ ሳይታወቅ ከቀረ ግን በተሳሳተ መድኃኒት ሊባባስ ይችላልና።

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሥፍራ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ድንበር በተወረደ ቁጥር ምድሩ እየቆላና እየሞቀ ይሄዳል። ዝናቡ በዓመት አንድ ወቅት፣ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ይጥላል። አገሩ በሽመል ደን የታወቀ ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ከእርሻቸው ጎን ለጎን ከጫካው የሚያገኙት ጥቅም ብዙ ሲሆን ማር ከነዚህ አንዱ ነው። ቀፎው ከሽመል ተሠርቶ በረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቀላል። ከዚህም ሌላ በዛፍ ቀዳዳና በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የሰፈረ የዱር ንብ ማር ይቆረጣል፤ ታዝማም ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ ይወጣል። ዋናው ምርት ክረምቱ ካለፈና ምድር በአበባ ከተሸፈነች በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚደርስ ሲሆን፣ አነስ ያለ ሁለተኛ ምርት በዝናብ መግቢያ ላይ ይገኛል።

በዚሁ ምድር ተወልዶ ያደገ ማር ቆራጭ የትኛው አበባ በየትኛው ወር እንደሚፈነዳ፣ ንቡ ወደየትኛው ወገን እንደሚሰማራ ከአባቱ የተማረው ዕውቀት አለው። ችግሩ የሚጀምረው ይህ ዕውቀት የሌለው ሰው ወደ ጫካው ሲገባ ነው። አሶሳ ደግሞ ከሌሎች አካባቢዎች በበለጠ አዲስ መጤ ሲቀበል የኖረ ሥፍራ ነው። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች በአሶሳ ዙሪያ መንደር ተመሥርቶላቸዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ በዚያው ዓመትና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ሲጓጓዝ፣ በመተከል በበለስ ሸለቆ ብቻ ከ80,000 በላይ ሰው ሰፍሯል። ሰፈራው በጥድፊያ የተካሄደ እንደመሆኑ መጠን ለሰፋሪው ዶማና እህል ሲታደለው፣ በዙሪያው ያለው ተክል የትኛው ደግ የትኛው ክፉ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ለዕድል የተተወ ነበር ማለት ይቻላል። ከደጋ የመጣው ገበሬ በጓሮው ቀፎ ያውቅ እንደሆነ እንጂ የቆላውን ዛፍ አያውቀውም፤ ከነባሩ ሕዝብ ጋር የሚግባባበት ቋንቋም አልነበረውም።

መጤው ከዚያ ወዲህም አልተቋረጠም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሱዳን የመጡ ስደተኞች በሸርቆሌ፣ በኋላም በባምባሲና በሌሎች መጠለያዎች ተቀምጠዋል። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በኩርሙክ በኩል አዲስ ስደተኛ ገብቷል። ራሽን ሲዘገይ ወይም ሲቀነስ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ወደ ጫካ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣውና ከመንገድ ዳር በጀሪካን ማር ገዝቶ ወደ ቤተሰቡ የሚልከው ሠራተኛ ራሱ ከመጤዎቹ አንዱ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

መርዙ ወደ ማሩ የሚገባበት መንገድ

ንብ ከአበባ ሁለት ነገር ትወስዳለች፤ ጣፋጩን ፈሳሽና የአበባውን ዱቄት። ተክሉ በቅጠሉና በፍሬው መርዝ ያለው ከሆነ ይኸው መርዝ በመጠኑም ቢሆን በእነዚህ ሁለቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ንቢቱ የቀሰመችውን ፈሳሽ ውኃውን እያተነነች ስታወፍረው በውስጡ ያለው መርዝም አብሮ እየጠነከረ ይሄዳል። ንቡ አለመሞቱ ማሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ለሰው ጎጂ የሆኑ በርካታ መርዞች ንብን በዚያው መጠን አይጎዱምና። የጣዕሙም ነገር እንደዚሁ አያስተማምንም። ከግራዋ አበባ የሚገኝ ማር መረር ቢልም ጉዳት ያለው ተብሎ የሚፈራ አይደለም። የቁልቋል ወገን ከሆኑ ተክሎች የሚገኝ ማር ጉሮሮን እንደ በርበሬ የሚያቃጥል መሆኑ በደቡብ አፍሪካ የታወቀ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ማር ራሱ ያስጠነቅቃል። ክፉው ግን ያለ ምሬትና ያለ ማቃጠል የሚዋጠው ነው።

አንድ ማር ምን ያህል አደገኛ እንደሚሆን የሚወስነው የአበባው ድርሻ ነው። በመስኩ ብዙ ዓይነት አበባ ሲኖር መርዛማው ከደጉ ጋር ተቀላቅሎ ኀይሉ ይደክማል። ነጋዴ ከብዙ መንደር ሰብስቦ በአንድ በርሜል የሚያከማቸው ማርም በዚሁ ምክንያት ሰው የማሳመም ዕድሉ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ ከአንድ የዛፍ ቀዳዳ የወጣ፣ በዚያው ቀን በዚያው ሥፍራ የሚበላ የጫካ ማር የሚያስከትለው አደጋ ከፍ ያለ ነው። የጫካ ማር የሚበላበት ልማድም አደጋውን ያባብሰዋል። የተራበ ሰው ወለላውን ብቻ አጥልሎ አይበላም፤ የማር እንጀራውን ከነአበባ ዱቄቱና ከነእጩ ያላምጠዋል። ከአንዳንድ መርዞች በዱቄቱ ውስጥ የሚገኘው መጠን በወለላው ካለው እጅግ የበለጠ መሆኑ በምርመራ ታውቋል። ንቡ በሰም ያልከደነው፣ ገና ያልበሰለ ማርም እንዲሁ ከበሰለው ይልቅ ሊያጠራጥር ይገባል። ማሩን ማሞቅ ወይም ጠጅ አድርጎ መጣል መርዙን ያጠፋዋል ብሎ መተማመን ከቶ አይገባም።

ድርቅ ከዚህ ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ ነው። ዝናብ ሲያጥር አብዛኛው አበባ ሳይፈነዳ ይቀራል፤ ሣሩም ያልቃል። ከብት የማይነካው ተክል ግን ይተርፋል። ከብት የማይነካው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መርዝ ስላለው ነው። እንግዲህ ንብ በደግ ዘመን አልፋው ትሄድ የነበረውን አበባ በክፉ ዘመን ለመቅሰም ትገደዳለች፤ ሰውም በደግ ዘመን ይተወው የነበረውን ማር በዚያው ጊዜ ይቆርጣል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ወቅት ይገናኛሉ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር የሰፈራና የመጠለያ ኀላፊዎች ልብ ሊሉት ይገባል። አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ተብሎ የሚጠራው ተክል ነጭ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ሲሆን፣ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚበቅል አይደለም። የሚወደው የተቆፈረና የተረገጠ፣ ፍግ የበዛበት መሬት ነው፤ የከብት በረት ዙሪያ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የመንገድ ዳር፣ የፈረሰ ቤት ቦታ። እንግዲህ ጫካ ተመንጥሮ መንደር በተመሠረተ ወይም ድንኳን በተተከለ ቁጥር ለዚህ ተክል ምቹ ቦታ እየተዘጋጀለት ነው ማለት ነው። ስሙ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ የቀመሰውን ሰው እየለፈለፈ ያስተናግረዋል። አበባው ማታ ማታ የሚከፈት ስለሆነ ዋና ጎብኚው የሌሊት የእሳት ራት ቢሆንም ንብም ታገኘዋለች። ከዚሁ ተክል ወገን የመጣ የማር መመረዝ በላቲን አሜሪካ ተመዝግቧል።

ሁለት ተቃራኒ ሕመሞች

በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው የማር መመረዝ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በቱርክ አገር የሚደርሰው ነው። ግሪካዊው የጦር መሪና ጸሐፊ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት በትራብዞን አካባቢ ያለፈው ሠራዊት ከመንደሩ ማር በልቶ እንደ ሰከረ ሰው መሬት ላይ መውደቁን፣ አንድም ሰው ሳይሞት በማግሥቱ አእምሯቸው መመለሱን ጽፏል። ምክንያቱ ሮዶዴንድሮን የተባለ ቁጥቋጦ አበባ ነው፤ መርዙም ግራያኖቶክሲን ይባላል። ዛሬም በዚያ አገር በየዓመቱ ሰዎች በዚህ ማር ታመው ሆስፒታል ይገባሉ። ሮዶዴንድሮን በኢትዮጵያ ደን ውስጥ የሚበቅል አይደለም። የርሱ ቤተሰብ የሆነ አጋሪስታ የተባለ ዛፍ ግን በአገራችን ደጋማ ሥፍራዎች ይገኛል።

ይህ መርዝ የልብን ምት ያዘገያል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል። ታማሚው ማሩን በበላ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ላብና ምራቅ ይበዛበታል፣ ለመቆም ያቅተዋል። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የልብን ምት የሚያፋጥነው አትሮፒን የተባለው መድኃኒት ሲሆን፣ አብዛኛው ታማሚ በአንድ ቀን ውስጥ ይድናል።

የአስተናግር መመረዝ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ አፍና ጉሮሮ ይደርቃል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይግላል፣ ላብ ግን የለውም፤ የዐይን ብሌን ይሰፋል፤ ሽንት ይያዛል። ታማሚው የሌለ ነገር ያያል፣ በአየር ላይ ይይዛል፣ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። በአስተናግር ውስጥ ካሉት መርዞች አንዱ ከላይ የተጠቀሰው አትሮፒን ራሱ ነው። ነገሩ ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ ለአንደኛው የማር መመረዝ መድኃኒት የሆነው ለሁለተኛው መርዙን በመርዝ ላይ መጨመር ይሆናል። «ማር መርዞታል፣ አትሮፒን ይሰጠው» የሚለው ትእዛዝ የታማሚው የልብ ምት ሳይቆጠርና የዐይኑ ብሌን ሳይታይ ሊሰጥ አይገባም። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሰዓትና የእጅ ባትሪ ብቻ በመሆኑ በማናቸውም ጤና ኬላ ሊሠራ ይችላል። ለአስተናግር መመረዝ ታማሚውን በጸጥታና በጥላ ሥፍራ ማኖር፣ ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ ማብረድ፣ መረበሹን በዳያዜፓም ማስታገስ፣ የተያዘውን ሽንት ማስወጣትና ወደ ሆስፒታል ማስተላለፍ ዋናው ነገር ነው። ለሕክምና የተዘጋጀ ከሰል የሚጠቅመው ታማሚው ቶሎ የደረሰና መዋጥ የሚችል ሲሆን ነው። አእምሮውን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ መጋት ወደ ሳምባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል።

የአስተናግር መርዝ ለእርዳታ ሥራ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ በ2011 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኡጋንዳ የደረሰው ያስረዳል። በካራሞጃ አውራጃ በዓለም የምግብ ፕሮግራም አማካይነት የታደለውን ሱፐር ሲሪያል የተባለ አልሚ ዱቄት የተመገቡ 300 ያህል ሰዎች ሲታመሙ 5 ሞተዋል። በምርመራ ዱቄቱ አትሮፒንና ስኮፖላሚን እንዳለበት ተገኘ፤ የአስተናግር ወገን ዘር ከእህሉ ጋር አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተፈጭቶ ነበር። ታማሚዎቹ ያሳዩት መለፍለፍና መቃዠት ነው። መርዙ በማር ይግባ በዱቄት ምልክቱ አንድ ስለሆነ፣ የማርን መመረዝ የሚለይ የጤና ሠራተኛ የራሽንንም መመረዝ ይለያል። ይህን በመጋዘንና በእደላ ላይ ያሉ ሠራተኞች ሊያጤኑት ይገባል።

ሦስተኛው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚገድለው ነው። ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉት መርዞች በአንድ ቀን አያሳምሙም፤ ለሳምንታትና ለወራት ጉበትን እያበላሹ ቆይተው ሆድ በውኃ ሲነፋ ይታወቃሉ። በአገራችን ይህ በግልጽ ታይቷል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ምንጩ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ገብቶ ቤተሰብ ከነልጆቹ ሲያልቅ ቆይቶ፣ ከብዙ ዓመት ምርመራ በኋላ አገራቱም የተባለ አረም ዘር ከእህል ጋር መቀላቀሉ ተደርሶበታል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአፍጋኒስታን በጉልራን ወረዳ የደረሰውም ተመሳሳይ ሲሆን፣ የመጣው ከሁለት ዓመት ድርቅ በኋላ ነበር። በሁለቱም ሥፍራ ዋናው መንገድ እህል ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ መርዞች በማር ውስጥ፣ በተለይም በአበባ ዱቄት ውስጥ እንደሚገኙ በአውስትራሊያና በአውሮፓ የተደረጉ ምርመራዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ሰው ሆዱ ሲነፋ የጫካ ማር አዘውትረው ይበሉ እንደሆነ መጠየቅ የሚያስወጣው ወጪ የለም።

በጤና ኬላና በመንደር

አሶሳና ዙሪያዋ የወባ አገር ነው፤ ምዕራብ ኢትዮጵያም የማጅራት ገትር በሽታ በሚታይበት የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ይገኛል። ትኩሳት ያለውና የሚቃዥ ሰው ወደ ጤና ኬላ ሲመጣ ሠራተኛው አስቀድሞ ስለ ወባ ማሰቡ ትክክል ነው፤ የደም ምርመራውም መቅረት የለበትም። ነገር ግን የማር መመረዝ የሚታወቅባቸው ነገሮች አሉ። ወባ ከአንድ ቤት አምስት ሰዎችን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አያስቃዥም። ለምሳሌ አባትና ሁለት ልጆች ከቀትር በኋላ ከጫካ የመጣ ማር በልተው፣ ከመሸ በኋላ ሦስቱም መናገር ሲያበዙና ውኃ ውኃ ሲሉ፣ እናቲቱ ግን ጾም ስለነበረች ምንም ሳትሆን ብትቀር፣ ምርመራው ከላቦራቶሪ በፊት እዚያው ደጃፍ ላይ አልቋል ማለት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው «ማን በላ? ማን አልበላም? መቼ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ በታማሚው ቋንቋ፣ በርታኛ ለሚናገረው በበርታኛ፣ ጉሙዝኛ ለሚናገረው በጉሙዝኛ የሚጠይቅ ሰው በጤና ኬላው መኖር አለበት። አስተርጓሚ ጠፍቶ የተሞላ ቅጽ ከባዶ ቅጽ የሚሻልበት ምክንያት አይታይም።

ጥያቄው ከሕክምና አልፎ የሰላም ጉዳይ መሆኑንም የወረዳ አስተዳዳሪዎች ሊያውቁት ይገባል። ሰፋሪ ከነባሩ ገዝቶ የበላው ማር ቢያሳምመው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ አበባ አይደለም፤ «አበሉኝ፣ መረዙኝ» የሚል ነው። ሻጩም ቢሆን ከዚያው ቀፎ በልቶ ያልታመመ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ስለበላ፣ ወይም ወለላውን ከላይ ወስዶ የአበባ ዱቄት ያለበትን ለሌላው ስላስቀረ። እንዲህ ያለ ቃል በሕዝቦች መካከል ደም በፈሰሰበት አካባቢ ሲወረወር ምን እንደሚያስከትል ማብራራት አያሻም። ማር ሻጩን ከማሰር በፊት ማሩን ማስመርመር፣ የጤና ባለሙያው የደረሰበትንም በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ማስረዳት የአስተዳደሩ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ «የጫካ ማር መብላት ክልክል ነው» የሚል ደብዳቤ መበተን ይቀናል። ደብዳቤው ከቢሮ ሰሌዳ አልፎ ወደ ጫካው አይደርስም። ቢደርስም ማር ለብዙ የበርታና የጉሙዝ ቤተሰብ የጨውና የልብስ መግዣ በመሆኑ የሚጎዳው ድሃውን ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት በአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት፤ ከዚህ ምርት እጅግ የሚበዛው ንጹሕ ነው። ኒውዚላንድ ያደረገችው ከዚህ የተሻለ ነው። በዚያ አገር ቱቱ ከተባለ መርዛማ ቁጥቋጦ የሚመጣ ማር በ2000 ዓ.ም. ከ20 የማያንሱ ሰዎችን ካሳመመ በኋላ መንግሥት ማርን በሙሉ አላገደም። ተክሉ በሚገኝበት አውራጃ ማር የሚቆረጥበትን ጊዜ ወሰነ፣ ከዚያ ውጭ የተቆረጠው እንዲመረመር አስገደደ። የላቦራቶሪው አቅም በእኛ ዘንድ ያን ያህል ባይሆንም የወቅቱ ነገር ግን በነባሩ ሕዝብ እጅ ያለ ዕውቀት ነው። የትኛው ወር ማር እንደማይበላ፣ የትኛው ዛፍ ሲያብብ ቀፎ እንደማይነካ የየቀበሌውን ማር ቆራጮች ጠይቆ መመዝገብ፣ የተመዘገበውንም ለአዲስ ሰፋሪና ለስደተኛ በሚሰጠው የመጀመሪያ ቀን ገለጻ ውስጥ ማስገባት የሚቻል ሥራ ነው። በመጠለያና በመንደር ዙሪያ የበቀለውን አስተናግር ዘር ከመያዙ በፊት መንቀልም እንደዚሁ። የሚነቅሉት ሠራተኞች እጃቸውን ሳይታጠቡ ዐይናቸውን እንዳይነኩ፣ ልጆችም ፍሬውን እንዳይጫወቱበት መነገር አለበት። ከዚህ ጋር ባይያያዝም፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማናቸውም ማር፣ የጓሮም ይሁን የጫካ፣ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ በሽታ ሊያመጣበት ስለሚችል መስጠት አይገባም፤ እናቶች በሚሰበሰቡበት ጊዜ ይህንንም ማንሳት ጥሩ ነው።

ሕመም ደርሶ ከተገኘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ዘመድ በድንጋጤ የተረፈውን ማር ይደፋዋል፤ ሐኪሙ ሲደርስ ባዶ ቅል ያገኛል። የተረፈው ማር ከነእንጀራው በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ታሽጎ፣ ከየት ዛፍ እንደተቆረጠ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እንደሆነ ተጽፎበት በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። በቀፎው ዙሪያ ያበበው ተክል ቅጠሉ፣ አበባውና ፍሬው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተደርጎ ይደርቅ። በማሩ ውስጥ ያለው የአበባ ዱቄት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ንቡ ከየትኛው ተክል እንደቀሰመ ሊታወቅ ይችላል፤ የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አለው፣ ሬይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የንብ ተክሎች ያሳተሙት መጽሐፍም ተክሉን ለመለየት ይረዳል። የደረቀው ተክል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ኸርባሪየም ሊለይ ይችላል። መርዙን በተመለከተ ናሙናው በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በክልሉ ጤና ቢሮ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ከማሩ ጋር ታማሚው ወደ ጤና ኬላ እንደደረሰ የተወሰደ ሽንት አብሮ ቢላክ ይመረጣል፤ የአስተናግር መርዝ በሽንት የሚወጣ በመሆኑ፣ ማሩ ቢደፋም እንኳ በዚያ ሊገኝ ይችላል።